በገባበት መውጣት

የትራይፖዴን ራስ ከልክ በላይ ሳጠብቅ፣ የ3/8 ኢንች ቀዳዳን ወደ 1/4 የምታጠበው የናስ ቀለበት ተሰብራ ውስጥ ቀረች። በፒንሳ ታገልኳት፤ ጠርዟ ተፋቀ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ማታ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጌባት ተኛሁ። ጠዋት ወደ ግራ የሚቆርጥ ፑንታ ትራፓን ላይ አስሬ በዝግታ ስሰረስራት፣ ፑንታው ነከሳትና እየዞረች ወጣች።

ያን ጊዜ ንስሐ ትዝ አለኝ። ጉልበት የትራይፖዱን አልሙኒየም እንደሚጎዳ፣ በደልን በቁጣ መንቀልም ነፍስን ይጎዳል። በኢንች 16 ጥርስ እየዞረች የገባች ቀለበት የምትመለሰው በዚያው ጥርስ ነው፤ አቋራጭ የለም። የእግዚአብሔር ይቅርታ በቅጽበት ቢመጣም፣ የእኛ መመለስ ግን ዙር በዙር ነው። አንባቢ ሆይ፣ የተጣበቀብዎትን ከመመንጨቅዎ በፊት ዘይት ያጠጡት፤ ያሳድሩትም።