ለፈረንጁ ቁልፍ፣ ለካዎውስ?

ኮቱን ያገኘነው ሶዶ ገበያ፣ ሳልቫጅ ከሚሸጥበት መደዳ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጉልበት ድረስ የሚወርድ፤ ደረቱ ላይ ወርቃማ ቁልፎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ መልሕቅ አለ። ተዋናያችን ለብሶት ሲወጣ ልምምዱ በሳቅ ተቋረጠ። "ይሄ እኮ የባሕር ወንበዴ ነው!" አለ አንዱ። "አንድ ዓይኑን በጨርቅ መሸፈን ብቻ ነው የቀረው።"

ሰውየው ግን የባሕር ወንበዴ አልነበረም። ቴአትራችን የሚተርከው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታን የያዘበትን ዘመቻ ነው። ኮቱን የሚለብሰው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ጋስቶን ቫንደርሃይም፣ ከጦሩ ጋር ተጉዞ ያየውን የጻፈ ፈረንሳዊ የንግድ ወኪል ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ውስጥ ታተመ። ስለ ዘመቻው ዛሬ የሚጽፍ ሰው ስለተገደለው ሕዝብ፣ ስለተነዳው ከብት፣ ቆስሎ ስለተማረከው ካዎ ጦና ሲያነሳ ብዙ ጊዜ የዚህን ሰው ምስክርነት ይጠቅሳል።

የአልባሳቱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። መልሕቁ እንቅልፍ ነሳኝ።

ጓደኞቼ አልገባቸውም። "ከአሥረኛው ረድፍ ማን ቁልፍ ያያል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አያይም። ግን ጥያቄው እዚያ ላይ የሚያልቅ አልመሰለኝም። ማንም የማያውቀው ስህተት ስህተት ነው ወይ? የማይታወቅብን ከሆነ ለምን እንጨነቃለን?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ የባሕር ወንበዴው ራሱ ነበር። የባሕር ወንበዴ ምን ይለብሳል ብትባሉ ሁላችሁም ወዲያው ትመልሳላችሁ፤ ራሱ ላይ ሻሽ፣ ወገቡ ላይ ሰፊ መቀነት፣ ጆሮው ላይ ቀለበት። ይህን ምስል በዓለም ላይ ካስፋፉት ሰዎች ዋናው ሃዋርድ ፓይል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ያረፈ፣ ለመጽሔትና ለልጆች መጽሐፍ ይሥል የነበረ ሰው። የባሕር ወንበዴዎቹ ዘመን ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ፣ ለዓይን የሚማርክ ልብስ ከሌላ ቦታ አምጥቶ አለበሳቸው። ከዚያ መድረኩም ፊልሙም ከሥዕሉ ቀዱ። ዛሬ እውነተኛው የባሕር ወንበዴ፣ ማለትም እንደ ማንኛውም መርከበኛ ሰፊ ሱሪና አጭር ጃኬት የለበሰው ሰው፣ ከመቃብሩ ቢነሳ "አንተማ አትመስልም" ብለን የምንመልሰው ይመስለኛል።

የመድረክ ልብስ እንዲህ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ አይታጠፍም፤ ተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ትዝታ ይሆናል።

ስለዚህ የመልሕቁን ቁልፍ ቆርጬ ጣልኩ። ደግሞ ፕላስቲክ ነበር። በ1887 ዓ.ም. አንድ ፈረንሳዊ መንገደኛ ኮት ላይ ቀንድ፣ አጥንት፣ ብረት ወይም ከዘምባባ ዓይነት ዛፍ ጠንካራ ፍሬ የተሠራ ቁልፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። ባክላይት የሚባለው ፕላስቲክ እንኳን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ቀንድ መረጥኩ። ወላይታ ውስጥ ቀንድ ብርቅ አይደለማ! ጊፋታ ገና ማለፉ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ የታረደው የበሬ ቀንድ በየጓሮው ወድቋል።

ቀንድ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዱኝ። አባባ ነው የምላቸው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የቀንዱ ጫፍ ድፍን ስለሆነ እንደ ካሮት በስስ በስሱ በመጋዝ ይቆረጣል። ከሥሩ ያለው ክፍል ግን ባዶ ነው፤ በፈላ ውሃ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በሁለት ጣውላ መሐል ተጭኖ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቀዳዳው በጋለ ወስፌ ይበሳል። ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ነው፤ ሦስት ቀን ከልብሴ አልለቀቀም። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና በዘይት ይታሻል።

አባባ የመጀመሪያውን ቁልፍ እያሹ "ለማን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ ፈረንሳዊው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ዘመኑ ቁልፍ፣ ሁሉንም በኩራት ዘረዘርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና "ጥሩ ነው ልጄ" አሉ። "ለፈረንጁ ይሄን ያህል ደክመሻል። ለካዎውስ ምን አለበስሽው?"

አፌ ተያዘ።

ለካዎ ጦና ያለበስነው ዱንጉዛ ነበር። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ደምቆ የሚታይ። ግን በእጅ የተሸመነ አይደለም። ጨርቁ ላይ መስመሩ በማሽን የታተመበት ነው፤ በሜትር ተቆርጦ የሚሸጠው ዓይነት። በግማሽ ሰዓት ገዝተን፣ በአንድ ከሰዓት አሰፍተን ጨረስነው። "ወላይታ ነው አይደል? በቃ ዱንጉዛ።" በዚያ ዘመን ንጉሥ ምን ይለብስ ነበር ብሎ የጠየቀ ከመሐላችን አንድም አልነበረም። ለፈረንጁ ቁልፍ ሳምንታት፣ ለራሳችን ንጉሥ ግማሽ ሰዓት!

ለምን? ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ ይህን ብቻ አስባለሁ። የደረስኩበት መልስ አላስደሰተኝም። ለፈረንሳዊው የተጨነቅኩት የሚያጋልጠኝ ነገር ስላለ ነው። መጽሐፍ አለው። የዘመኑ ፎቶ አለ። ስለ ኮትና ስለ ቁልፍ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ "ተሳስታችኋል" ሊለኝ ይችላል። የካዎው ልብስ ላይ ግን እንዲህ ብሎ የሚሞግተኝ አልታየኝም። እውነት የመሰለኝ ነገር ለካ ተጠያቂነትን መፍራት ነበር።

አንድ የቀረበልኝ ክርክር አለ፤ ቀላል አይደለም። "ቴአትር እኮ ነው" ይላል። "ተዋናዩ ካዎ ጦና አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል። ማንም አልተታለለም፤ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?" እውነት ነው፣ መድረክ ላይ ተኩሱ ተኩስ አለመሆኑን፣ የወደቀው ሰው ተነስቶ እራት እንደሚበላ ተመልካቹ ያውቃል። በዚህ ተስማምቶ ነው የገባው። ግን ስምምነቱ ሁሉን አይሸፍንም። ጨርቁ ትክክል ይሁን አይሁን ተመልካቹ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚህ ጋ እያስመሰልን መሆኑ ቀርቶ እያስተማርነው ነው፤ እሱም ቃላችንን ይዞ ይሄዳል።

ገበያ ውስጥ ቅቤ ስትገዙ አስቡት። እናቶቻችን ቅቤ ሲገዙ በጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል። ሻጩ ሙዝ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ ከሆነ ይነቁበታል። እኔን ብትልኩኝ ግን ሙዙን በቅቤ ዋጋ ገዝቼ እመጣለሁ። ታዲያ ሻጩ የበለጠ መታመን ያለበት ለማን ነው? ለምትፈትነው እናቴ ነው ወይስ ለማልፈትነው ለእኔ? እናቴ ራሷን ትጠብቃለች። እኔን የሚጠብቀኝ የሻጩ ሕሊና ብቻ ነው። ማንም አያውቅም የሚለው ነገር ኃላፊነቱን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

ሙታንም እንደዚያው ናቸው፤ ከገዢዎች ሁሉ ይልቅ መፈተን የማይችሉት እነሱ ናቸው። በስማቸው የምንሸጠውን ቀምሰው "ይሄማ ሙዝ ነው" አይሉንም።

በሌላ በኩል ራሴንም መውቀስ አለብኝ። ዝርዝር ላይ መጨነቅ ሁልጊዜ ታማኝነት አይደለም፤ መደበቂያም ይሆናል። ሳምንታት ሙሉ ቀንድ ስፈገፍግ፣ ሰዎች የሚገደሉበትን ትዕይንት ልምምድ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ቁልፍ ቀላል ነው፤ ይለካል፣ ይበሳል፣ ያልቃል። ያኛው ትዕይንት አያልቅም። አባባም ራሳቸው ለእኔ ሌላ ጥያቄ ናቸው። ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ብረት ቀጥቃጭ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ለዘመናት ሲናቁ ኖረዋል፤ ጋብቻና ማዕድ ተከልክለዋል። የእጃቸውን ሥራ "ባህላችን" ብለን መድረክ ላይ እያሳየን፣ የእጁን ባለቤት ግን ከመድረኩ ጀርባ እንኳን አንጠራም። የዘመኑን ልብስ በትክክል አሳየሁ የሚል ሰው ይህን ካልቆጠረ ምኑን ቆጠረ?

ስለዚህ እኔ አሁን የማምነው ትክክለኛነት ተራ አለው። መጀመሪያ፣ ተመልካቹ ከእኛ ውጭ የሚጠይቀው የሌለበት ነገር። ቀጥሎ፣ ብንሳሳት የሚጎዳው ሰው ያለበት። ሌላው ሁሉ፣ የእኔን መልሕቅ ጨምሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው።

ለማሳያው ሁለት ሳምንት ሲቀረን በእጅ የተሸመነ ዱንጉዛ ከሸማኔ ገዛን። ለእሱ ስንል የመብራቱን ወጪ ቀነስን። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን ስለ ካዎው አለባበስ የሚሉትን ሰማን፤ ሁሉም አንድ ነገር አላሉም። ስለዚህ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት አንዷ ልጅ ወጥታ የትኛው ነገር ከመጽሐፍ እንደተወሰደ፣ የትኛው ከሽማግሌ እንደተሰማ፣ የትኛውን ደግሞ እኛ ራሳችን እንደፈጠርን በአጭሩ ተናገረች። የሸማኔውንና የአባባን ስም ጠራች። አባባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ።

ሲያልቅ የስምንት ዓመት ልጅ የምትሆን መጥታ ዱንጉዛውን ዳበሰች። "ካዎ ጦና ይሄን ነበር የሚለብሱት?" አለችኝ። ከወር በፊት ቢሆን "አዎ" ብዬ እሸኛት ነበር። "ይሄን የሸመነው ሰው እዚሁ ሶዶ ነው ያለው" አልኳት። "ስለ ካዎው ግን ዛሬ ማታ አያትሽን ጠይቂያቸውና የሚሉሽን ጻፊው።"

ስለ ቁልፎቹ የጠየቀኝ ሰው የለም።