«ኔትወርክ አልነበረኝም»



በዚህ ሳምንት አንድ ወንድም በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ላከልኝ። «ኡስታዝ፣ ማናገር የማልፈልገው ሰው ሲደውልልኝ ስልኬን ፍላይት ሞድ ላይ አደርገዋለሁ። በኋላ ሲያገኘኝ ‹ኔትወርክ አልነበረኝም› እለዋለሁ። በዚያ ሰዓት ስልኬ እውነትም ኔትወርክ አልነበረውም። ታዲያ ይህ ውሸት ይባላል?»

ሳነበው ፈገግ አልኩ፤ ትንሽ ፊቅህ የቀመሰ ሰው ጥያቄ ነው። ግን ጠያቂው አንድ ሰው ቢሆንም ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ዛሬ በአገራችን «ኔትወርክ የለም» ከሚለው የበለጠ ርካሽ ምክንያት ከወዴት ይገኛል? ማንም አያጣራውም፣ ሁሉም ያምነዋል፣ ኔትወርኩም አፍ የለውምና ቆሞ አይከራከርም።

መልሱን ከሩቅ ልጀምር። ዑለማዎቻችን ይህን ነገር ስልክ ከመፈጠሩ ከሺህ ዓመት በፊት ያውቁታል። በኩፋ ይኖሩ የነበሩት ታቢዒይ አሽ-ሸዕቢ ሰው ቤታቸው መጥቶ ሲፈልጋቸውና መውጣት ሳይሹ ሲቀሩ መሬት ላይ ክብ ይሥሉና ለአገልጋያቸው «ጣትሽን እዚህ መሐል አድርጊና ‹እዚህ የሉም› በይ» ይሏት እንደነበር ተዘግቧል። ክቡ ውስጥ በእርግጥም የሉም! የዚያው ከተማ ሰው ኢብራሂም አን-ነኸዒይ ደግሞ «የሉም አትበሉ፤ መስጂድ ፈልጓቸው በሉ» ይሉ ነበር ይባላል። ወንድማችን ፍላይት ሞዱን ሲነካ እያደረገ ያለው ይህንኑ ነው፤ ክብ ሥሎ ጣቱን መሐሉ ላይ ማኖር። እንዲህ ያለው አነጋገር መዓሪድ ይባላል፤ ቃሉ በአንድ በኩል እውነት ሆኖ ሰሚው ግን ሌላ ነገር ተረድቶ ይሄዳል።

ኢማሙ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) እነዚህን ታሪኮች በኢሕያእ ውስጥ የምላስን አደጋዎች በሚያብራሩበት ክፍል አስፍረዋቸዋል። አስፍረው ግን ዝም አላሉም። ይህ ሁሉ የሚፈቀደው ሐጃ ሲኖር ነው፤ ሐጃ በሌለበት ግን ቃሉ ውሸት ባይሆን እንኳ ለሰሚው ውሸትን ማስጨበጥ ነውና የተጠላ ነው የሚል ፍርድ ሰጥተዋል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጥያቄው ወዳንተ ተመለሰ ማለት ነው። ሐጃህ ምንድን ነው? የማታውቀው ሰው ቀንና ሌሊት እየደወለ የሚያስጨንቃት እህት ስልኳን ብታጠፋና «አልሠራልኝም» ብትል ሐጃዋ ግልጽ ነው። ሊጎዳህ የሚፈልግ ሰው የት እንዳለህ እንዳያውቅ ብትሸሸግም እንዲሁ። አንተ ግን ደክሞህ ነው። ወይም ኳስ እያየህ ነው። ወይም ያ ሰው ሲጀምር አያቆምም። እኔ በዚህ አልፈርድብህም፤ መድከምም ማረፍም ሐቅህ ነው። ግን ለዚህ ክብ መሣል አያስፈልግህም ነበር።

ለምን እንደማያስፈልግ ሱረቱ አን-ኑር ላይ እንመልከት። በ27ኛውና በ28ኛው አንቀጽ አላህ ወደ ሰው ቤት ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ አዘዘን፤ ቀጥሎም «ተመለሱ» ከተባልን እንድንመለስ፣ ያም ለእኛ የጠራ መሆኑን ነገረን። ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባለቤቱ ምክንያት እንዲያቀርብ አልተጠየቀም። «ታምሜ ነው»፣ «እንግዳ አለብኝ» በል አልተባለም። «ተመለሱ» ይበቃዋል። የታዘዘው እንግዳው ነው፤ ሳይከፋው እንዲመለስ።

ሶሓቦቹም በተግባር ኖረውበታል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ዑመር (ረ.ዐ) ዘንድ መጥተው ሦስት ጊዜ አስፈቀዱ፤ መልስ ሲያጡ ሄዱ። ዑመር ሥራ ላይ ነበሩ። በኋላ ለምን እንደተመለሱ ሲጠይቋቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ያልተፈቀደለት ይመለስ ብለው እንዳስተማሩ ነገሯቸው። ዑመርም ምስክር ፈለጉ፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) መሰከሩላቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ናቁኝ እንዴ? ቤት እያሉ!» የሚል ቃል የለም። ይህንን ከኛ አሥራ ሰባት ሚስድ ኮል ጋር አስተያዩት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህን ውሸት የሚያስዋሸን ክፋት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በእኛ ዘንድ «አሁን አልመቸኝም» የሚል ሰው ኮራ ይባላል። «ቆይ እደውልልሃለሁ» ያለም ተቀየረ ይባላል። ስለዚህ ሁለታችንም ፊታችን እንዳይጠቁር ጥፋቱን በአንቴናው ላይ እንጭናለን። ውሸታሙ ተደዋዩ ቢሆንም እውነትን ያስወደደበት ደዋዩ ነው። «ተመለስ» ሲባል የሚቀየም ሰው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ክብ ሣይ ያደርጋቸዋል።

ደዋዩን ካነሳን ዘንድ ሌላም ነገር አለ። እውነትም ኔትወርክ ያልነበረው ሰውስ? «መስመሩ ሙሉ ነበር፣ አይቼዋለሁ» ብለን ስንቱን ውሸታም አድርገናል!

ስልካችሁ ጥግ ላይ የሚታዩት እነዚያ ትናንሽ መስመሮች ምስክርነታቸው ደካማ ነው። ስንት መስመር ምን ያህል ሲግናል እንደሆነ የሚደነግግ አንድ የጋራ መለኪያ የለም፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቀመር ይሥለዋል። በዚያ ላይ መስመሩ የሚነግራችሁ ስልኩ ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው፤ ማማው ስልኩን ይሰማው እንደሆነ አይነግራችሁም። ማማው ከፍ ብሎ በትልቅ ኃይል ይናገራል፤ ስልካችሁ ደግሞ በትንሽ ባትሪ ያንሾካሹካል። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ብረት የበዛበት ኮንክሪት፣ አንዳንዴም የገዛ እጃችሁ መሐል ይገባል። በዒድ ጠዋት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ዒድ ሙባረክ» ሊል ሲደውል፣ መስመሩ ሙሉ ሆኖ እያለ ጥሪው አልወጣ ይላል፤ ሲግናሉ አለ፣ ቦታው ግን ሞልቷል።

የአይፎን 4ን ነገር የምታስታውሱ ካላችሁ ከዚህ የባሰ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ለገበያ ሲቀርብ ዙሪያውን የከበበው ብረት አንቴናው ነበር፤ በግራ በኩል ታችኛውን ጥግ በእጃቸው ሲይዙት ሲግናሉ ወረደ የሚል አቤቱታ በዛ። አፕል ጁላይ 2 ቀን ባወጣው ደብዳቤ መስመሮቹን የሚያሰላበት ቀመር ፈጽሞ የተሳሳተ እንደነበረና በብዙ ሁኔታ ሊታይ ከሚገባው 2 መስመር አብልጦ ያሳይ እንደነበር ገለጸ። ስልኩ ራሱ የሌለውን አለኝ ሲል ከርሟል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ምስክር ይዞ በወንድሙ ላይ መፍረድ የሚደፍር ማነው?

ሌላው ምስክር ምልክቶቹ ናቸው። በዋትስአፕ አንድ ምልክት መልእክቱ ገና ሰውየው ስልክ ላይ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሁለት ሲሆን ደርሷል፤ ሰማያዊ ሲሆን ተነቧል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሁለቱ ምልክት ማለት ተነቧል ማለት ነው፤ አንዱ ግን ወደ ቴሌግራም ሄዷል ከማለት በቀር ስለ ሰውየው ስልክ ምንም አይነግራችሁም። የአንዱን ምልክት በሌላው እያነበቡ የተኳረፉ ጓደኛሞች አውቃለሁ። «ኦንላይን ነበርሽ እኮ!» የተባለችው እህት ደግሞ አካውንቷ ቤት ባለው ታብሌት ላይም ተከፍቶ፣ ልጇ እየጎረጎረው ሊሆን ይችላል፤ እሷ ታክሲ ውስጥ ናት። በሱረቱ አል-ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አላህ ብዙ ጥርጣሬን እንድንርቅ ሲያዘን አያይዞ መሰለልን ከለከለ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሰውን «ላስት ሲን» እየከፈቱ መዝጋት ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

ጉዳዩን ቀልድ ብቻ የማያደርገው ሌላ ነገር አለ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ «ኔትወርክ የለም» ማለት «እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም» ማለት ነበር። የአል-ነጃሺ መስጂድ መጎዳቱን እንኳ ብዙዎቻችን የሰማነው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዛሬም ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ካርድ የላትም፤ ያላት የአሠሪዎቿ ዋይፋይ ነው፣ እሱም ሲዘጋ ትጠፋለች። ማታ በምታገኛት አንድ ሰዓት ደውላ ካላገኘችን ነገ ትደውል እንደሆነ አይታወቅም። ይህች እህት «ኔትወርክ አልነበረኝም» ስትል ቃሏ እንዲታመን፣ እኛ ሶፋ ላይ ተጋድመን ቃሉን ማራከስ አልነበረብንም።

ደግሞ «ተመለስ» የማለት መብት በሁሉም ላይ አይሠራም። ከክፍለ አገር የምትደውል እናት እንደ ማንኛውም ደዋይ አይደለችም፤ ሐቋ ከኳሱ ይቀድማል። ገንዘብ አበድሮህ ቀኑ ያለፈበት ሰውም እንዲሁ። መክፈል እየቻለ ቀጠሮ የሚያራዝም በዳይ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ፍላይት ሞድ ደግሞ የማራዘሚያ መሣሪያ ሆኗል። እዚህ ላይ የአል-ገዛሊ የሐጃ በር የለም። ሳንቲም ባይኖርህ እንኳ አንሳና «የለኝም» በለው።

ልጆች ያሏችሁም አድምጡኝ። ድሮ አባት በር ሲንኳኳ ልጁን «የለም በለው» ይለው ነበር፤ ልጁም ወጥቶ «አባዬ የለም በል ብሎኛል» ይላል። እንስቅበታለን። ዛሬ ልጁ በር አይሄድም፤ አባቱ ሳሎን ተቀምጦ፣ ዋይፋዩ እየበራ «ውይ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል» እያለ ሲዘጋ አጠገቡ ሆኖ ያያል። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት፤ ቴምር መሆኑን ስትነግራቸው ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ይጻፍባት እንደነበር እንደገለጹላት ተዘግቧል። ለአንድ ፍሬ ቴምር!

ለወንድማችን በመጨረሻ የጻፍኩለት ይህ ነው። ብዙ ስልኮች ጥሪ ሲመጣ ሳያነሱ አጭር መልእክት የሚልኩበት ቦታ አላቸው፤ የተዘጋጁት ዓረፍተ ነገሮችም ይቀየራሉ። አንዱን አጥፋና በአማርኛ «አሰላሙ ዐለይኩም፤ አሁን አልችልም፤ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ» ብለህ ጻፍበት። ምክንያት አትጨምርበት።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰልኝ፦ «እሺ ኡስታዝ። ከመግሪብ በኋላ ብዬ ባልደውልስ?»

እሱን ኢን ሻአ አላህ በሚቀጥለው ጁሙዓ።