ነፋስ ባለርስት አለው ወይ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1191 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከሚባለው ገዳም አቅራቢያ ኸርበርት የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሹም በእርሻው ላይ የነፋስ ወፍጮ ተከለ። የገዳሙ አበምኔት ሳምሶን ነገሩን ሲሰማ ምግብ እስኪያስጠላው ተቆጣ፤ ወፍጮው በአስቸኳይ እንዲፈርስም አዘዘ። ኸርበርት ቀርቦ ነፋስ የሁሉ ስለሆነ ማንም ከጥቅሙ ሊከለከል አይገባም ሲል ተከራከረ። አበምኔቱ ግን የመለሰለት ስለ ነፋስ ሳይሆን ስለ ገበያ ነው፤ የከተማው ሰው ወደ አዲሱ ወፍጮ ከጎረፈ የገዳሙ ወፍጮዎች ገቢ ይጎድላል። ኸርበርትም ወፍጮውን ራሱ አስፈረሰው። በእኛ አገር አነጋገር አበምኔቱ ያስከበረው ጉልቱን ነበር፤ ማለትም ያልለፋበትን ፍሬ የመቀበል መብት። የጉልትና የገባር ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለከምባታና ለሀድያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አያቶቹ የኖሩት በእሱ ስር ነው።

በከምባታ፣ ከሐምባሪቾ ተራራ ብዙም በማይርቀው ዳምቦያ ከነፋስ መብራት የሚያመነጭ ማማ አልቆመም። የኸርበርትና የአበምኔቱ ዓይነት ክርክር ግን ማማው ከቆመ በኋላ ቢነሳ ዘግይቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የገቢ ምንጭ የሚሻ አዲስ ክልል ነው፤ መሬቱ በእንሰት ጓሮ የተሞላና የሕዝብ ብዛት የተጨናነቀበት ነው፤ ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደድ ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ክልል ነፋስ ለኢኮኖሚና ለሥራ ምን ያመጣልኛል ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ነፋሱ የማን ነው?

የሃይማኖቶቹ መልስ ተቀራራቢ ነው። በግዕዝ ነፋስ፣ ነፍስና መንፈስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ በዮሐንስ ወንጌልም ኒቆዲሞስ በሌሊት በመጣ ጊዜ ጌታ የመንፈስን ነገር የገለጠለት በነፋስ መስሎ ነው። በእስልምና የታወቀ ሐዲስ ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን ያስተምራል። የዩስቲንያኖስ የሮማ ሕግም አየርን ከወራጅ ውኃና ከባሕር ጋር በተፈጥሮ የሁሉ ከሆኑ ነገሮች መድቦታል። በአውድማ ላይ ይህ የየዓመቱ ልማድ ነው፤ እህል የሚያዘራ ገበሬ ነፋሱን ተጠቅሞበት ሲጨርስ ለጎረቤቱ ያው ነፋስ ይደርሰዋል። ማንም ማንንም አይጎዳም፣ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ስለዚህ ኸርበርት ስለ ነፋሱ ተፈጥሮ የተናገረው ትክክል ነበር።

ይሁን እንጂ ማማ እህል የሚያዘሩበት ላይዳ አይደለም። መሠረቱ በኮንክሪት ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጥለታል፣ መስመር ይዘረጋለታል፣ ከሃያ ዓመት በላይም ይቆማል። ነፋሱ ባለቤት ባይኖረውም ማማው የሚቆምበት ማሳ የሚያርሰው ሰው አለው። በ2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ የተመረቀው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች 51 እና 153፣ በሶማሌ ክልል አይሻ 120፣ በኢተያና በአሰላ መካከል ያለው ደግሞ 100 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የታቀዱ ናቸው። ድምራቸው ከሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጥቅማቸው ግን በወቅታቸው ነው። አብዛኛው መብራታችን ከውኃ የሚመጣ በመሆኑ በበጋ ግድቦቹ ሲጎድሉ ነፋሱ ይበረታል። አዳማ ላይ እንደሚታየው በማማዎቹ መካከል ማረስ ይቻላል፤ ግድብ ግን ሸለቆውን ይውጣል። መሬት ለጠበበበት አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ እርግጥ ከግማሽ ሄክታር ላይ ለመንገድ አንድ ስንዝር የሚቆረጥበት ሰው ልዩነቱን እንደ እኛ ላያየው ይችላል።

ለነፋስ ኃይል ሲከራከሩ ብዙዎች የሚያስቀድሙት የሥራ ዕድልን ነው፤ እኔ ግን ከክርክሮቹ ሁሉ የሚደክመው ይህ ይመስለኛል። ግንባታው ሲካሄድ ቆፋሪ፣ ሾፌር፣ ብረት አሳሪና ጥበቃ ይፈለጋል፤ ከተመረቀ በኋላ ጥቂት ቴክኒሻኖችና ዘበኞች ይበቃሉ። ተርባይኖቹ ለአዳማ ከቻይና፣ ለአሸጎዳ ከፈረንሳይ ኩባንያዎች የመጡ ናቸው፤ የአዳማው ብድር የመጣውም ከቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። ከአዳማ የቀረልን አንድ ነገር ቢኖር እውቀት ነው፤ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በአማካሪነት ገብተው ሥራውን ተከታትለዋል። በሆሳዕና ላለውና በዱራሜም ካምፓስ ላለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ቢሆንም የጥቂት መሐንዲሶች እውቀት ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄደውን ልጅ አያስቀረውም። ክልሉ መቁጠር ያለበት የተቀጠረውን ሰው ሳይሆን ማማው በቆመበት ቀበሌ በየዓመቱ የሚቀረውን ፍሬ ነው።

የካሳ ሕጋችን የተቃኘው ለሌላ ዓላማ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በቋሚነት ለሚነሳው ባለይዞታ የሚከፈለውን በ15 ዓመት የምርት ገቢ ያሰላል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ግን የሚሰላው ከማሳው ይገኝ የነበረው እህል ነው፤ ከማሳው በላይ የሚታፈሰው ፍሬ በስሌቱ ውስጥ የለም። አንዴ ይከፈላል፣ ከዚያ ዝምድናው ያበቃል።

ገበሬው ከዚህ ፍሬ በየዓመቱ ድርሻ ይገባዋል ሲባል ከባዱ ተቃውሞ ከሃይማኖት ወገን ይመጣል። ነፋስ የእግዚአብሔር ስጦታ ከሆነ በእሱ ገንዘብ መጠየቅ ነውር አይደለም ወይ? ለዚህ መልስ ያለው ከኸርበርት ዘመን ነው። በዚያው ዘመን የሮም ጳጳስ የነበሩት ቀለስቲኖስ 3ኛ የነፋስ ወፍጮዎች አሥራት እንዲያወጡ ወሰኑ። አሥራት የሚወጣው ከነፋሱ ሳይሆን ከፍሬው ነው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ፍሬ በተገኘ ቁጥር ነው፤ ሰጪውም ባለዕዳ የሚሆነው ስጦታ ስለተቀበለ ነው። ስጦታ መሆኑ ግዴታውን ይወልደዋል እንጂ አያስቀረውም። በከምባታና በሀድያ አብያተ ክርስቲያናት ይህ የሰንበት ትምህርት ነው። የዕድሜ ባለጸጎች ግን አሥራት የሚለው ቃል በንጉሡ ዘመን ለመንግሥት የሚከፈል ግብር እንደነበረ ያስታውሱኛል፤ ልክ ናቸው። ያኔ አራሹ ወደ ላይ ይከፍል ነበር፤ እኔ የምለው ግን ፍሬውን የሚሸጠው ወደ ታች፣ ወደ አራሹ ይክፈል ነው።

ሌላው ስጋት ፖለቲካዊ ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳ “የእኛ ነፋስ” ካለ አገር ይፈርሳል ይባላል። ከምባታ ነፋሱ የኔ ነው ቢል ኖሮ ስጋቱ እውነት ይሆን ነበር። ነገር ግን ማማው ከወጣበት ጓሮ፣ ከሚሰማው ድምፅና ከተቆረጠው መንገድ የሚነሳው ጥያቄ የባለቤትነት ሳይሆን የሸክም ጥያቄ ነው፤ ሸክሙን የማይሸከም ሩቅ ወረዳ ሊያነሳው አይችልም። ድሃ አገር ይህን አትችልም የሚሉም አሉ፤ መጀመሪያ እናመንጭ፣ ከዚያ እንካፈላለን ይላሉ። መዘግየቱ ግን በሩን ይዘጋዋል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚጨመር ድርሻ ከአበዳሪው ጋር ያጣላል። የአሰላውን ጣቢያ በገንዘብ የደገፈችው ዴንማርክ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በሥራ በቆየው ሕጓ አልሚዎች ቢያንስ 20 በመቶ ድርሻ ለአካባቢው ነዋሪ በሽያጭ እንዲያቀርቡ አስገድዳ ነበር፤ በኋላ በሌላ ዘዴ ተክታዋለች። የእንሰት ገበሬ ድርሻ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፣ ስለዚህ ሕጉን እንዳለ መቅዳት አይሆንም። የመነሻ ሐሳቡ ግን ይጠቅማል፤ ጎረቤት ከተሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ የሚቆጠር ነገር አለው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች በጋራ ከሚያስከፍሏቸው መካከል ከፍተኛ የማዕድን ሥራዎች፣ ነዳጅና ጋዝ ተዘርዝረዋል፤ ነፋስ የለም። ስለዚህ የዳምቦያ ሰው ድርሻ አስቀድሞ በውል ካልተጻፈለት የሚጠቅሰው አንቀጽ አያገኝም። ማማ ከመተከሉ በፊት መለኪያ የታሰረበት ቀጭን ምሰሶ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቆማል፤ የነፋሱ ፍጥነት ያለማቋረጥ ይመዘገባል፣ የባንክ ሰዎችም በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ብድሩን ያሰላሉ። የቀበሌው ስብሰባ መጠራት ያለበት በዚያ ዓመት ነው።