እንግዳ ተቀባዩ ማን ነው?

በአካባቢያችን ሕዝቦች ዘንድ ሰው ደግ ከሚባልባቸው ተግባራት ሁሉ ከፍ ብሎ የሚከበረው እንግዳ መቀበል ነው። መሽቶበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ያለን መንገደኛ መመለስ ነውር መሆኑን ደጋውም ቆላውም ያውቃል። ስለዚህ «እንግዳ መቀበል መልካም ነውን?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ትርፍ ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም ከዚህ ሥር እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። እንግዳውን «ግባ» የሚለው አንዱ፣ ቦታውን የሚለቅለት ግን ሌላው ሲሆን፣ ደጉ ማን ነው?

ጥያቄውን ከትንሽ ጉዳይ ተነሥተን እንመርምረው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት በአንድ ቤት የኖረች ድመት አለች እንበል። አንድ ማታ የቤቱ ጌታ በክረምት ዝናብ ከመንገድ ዳር ያገኘውን ግልገል ድመት በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣና «ጓደኛ አመጣሁልሽ» ብሎ ከፊቷ ያስቀምጠዋል። ድመቲቱ ጀርባዋን ቀስራ፣ ጥርሷን ገልጣ ትቆጣለች፤ ከአልጋ ሥር ትገባለች፤ ምግቧን ትተዋለች። ቤተሰቡም «ቀናች»፣ «ክፉ ናት» ይላል። ግልገሉ ይታቀፋል፤ ነባሪቱ ትወቀሳለች። በዚያች ማታ ሰውየው ያወጣው ጥቂት ምግብና የእቅፍ ሙቀት ነው። ነባሪቱ ያጣችው ግን የምትተኛበትን ጥግ፣ የምትበላበትን ሰሐን፣ ከሁሉም በላይ ቤቷ የምታውቀው ስፍራ ነው የሚለውን መተማመኛ ነው። ምስጋናው ወደ አንዱ፣ ወጪው ወደ ሌላዋ ሄደ።

ይህ አባባል የተጋነነ እንዳይመስል፣ ቤት ለድመት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤት ድመት የዘር ግንድ ዛሬም በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛንያ ሜዳዎች የሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህ እንስሳ እንደ ተኩላ በመንጋ አያድንም። ብቻውን ያድናል፤ ብቻውን ይበላል፤ የራሱንም ክልል ይጠብቃል። ወደ ሰው የተጠጋውም እህል በጎተራ መከማቸት ሲጀምር፣ አይጥም ጎተራውን ስትከተል እንደሆነ ይታመናል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። እንግዲህ ውሻ ከመንጋ ወጥቶ ወደ ሰው መንጋ ገባ ቢባል፣ ድመት ግን ወደ ስፍራ ገባች ማለት ይቻላል። በጉንጯ፣ በግንባሯ፣ በጅራቷ ሥርና በመዳፏ የሽታ ዕጢዎች አሏት። በበር መቃንና በወንበር እግር፣ በቤቱ ሰዎችም ቁርጭምጭሚት ላይ የምትተሻሸው ፍቅሯን ለመግለጽ ብቻ አይደለም፤ «ይህ የማውቀው ነው» የሚል ምልክት ለማኖርም ነው። እኛ ቤታችንን በዓይን እንለየዋለን፤ እርሷ በአፍንጫዋ ታነበዋለች። የባዕድ ሽታ በአንድ ሌሊት በየጥጉ ሲገባ፣ የምታነበው ጽሑፍ ሳትጠየቅ ተሰርዞ ሌላ ተጻፈበት ማለት ነው።

ይህን ስንል ድመት ከሌላ ጋር ልትኖር አትችልም ማለታችን አይደለም። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የምትገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የላሙን ጥንታዊ ከተማ ያየ ሰው፣ በጠባብ መንገዶቿ ውስጥ ድመቶች ተሰባስበው ሲኖሩ ተመልክቷል። ምግብ በበቃበት ስፍራ ድመቶች በማኅበር ይኖራሉ፤ እናትና ልጅ፣ እኅትና እኅት ግልገሎችን ተጋግዘው ያሳድጋሉ። ነገር ግን የእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር እምብርት ዝምድና ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያ ይባረራል፤ ታግሦ ከዳር ከቆየ ቀስ በቀስ ሊለመድ ይችላል። እዚያ ግን ማንም በማንም ላይ በር አልዘጋም። ያልተስማማችው ወደ ሌላ ጣራ ትሻገራለች።

በእኛም ከተሞች የቀድሞው ግቢ ድመት አጥርና የቆርቆሮ ጣራ ነበራት። ጎረቤት ካመጣው ግልገል ጋር ባትስማማ ቀኑን በጣራ ላይ አሳልፋ፣ ማታ ለእራቷ ትመለስ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በአራተኛው ፎቅ፣ ወይም በናይሮቢ አፓርትመንት በስምንተኛው ፎቅ የምትኖረው ድመት ይህ ምርጫ የላትም። መውጫውን የዘጋው ሰው ነው። በእስልምና ሐዲስ ውስጥ አንዲት ሴት ድመትን ዘግታ፣ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት በመሞቷ እንደተቀጣች ይነገራል። የታሪኩ ፍሬ ነገር ከድመቲቱ ሞት ያለፈ ትምህርት አለው። በር የዘጋ ሰው፣ ከበሩ ውስጥ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ሙግት ይነሣል። «ቤቱ የድመቲቱ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። ኪራይ አልከፈለችም፤ ካርታ የላትም። የራሴን ቤት ለፈለግሁት ባካፍል ማን ይከለክለኛል?» ይላል ተሟጋቹ። በሕግ ፊት እውነት አለው። ግን መብት ሁሉ ከንብረት አይመነጭም። ልጅ የአባቱን ቤት አልሠራም፤ ሆኖም አባት «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ የልጁን አልጋ ለመጣ ሁሉ ቢያድል ፍትሐዊ ነው አንለውም። አንድን ፍጡር በእኛ ላይ እንዲደገፍ ካደረግነው፣ ሌላ ማደሪያ እንዳይፈልግም መንገዱን ከዘጋንበት፣ ያ መደገፍ ራሱ በእኛ ላይ ዕዳ ይጽፋል።

ሁለተኛው ሙግት ከዚህ ይከብዳል። «ነባሪቱ የምታጣው ምቾት ነው፤ ግልገሉ ግን የሚያጣው ሕይወቱን ነው። በዝናብ የራሰና የተራበ ነፍስ ከደጅ ሳለ፣ ስለ ጠገበች ድመት ጥግ መከራከር የልበ ደረቅነት አይደለምን?» ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ማስተባበልም አይገባም። ቀድሞ መምጣት ኋላ የመጣውን ለዘለዓለም የማስወጣት ሥልጣን ቢሰጥ ኖሮ፣ በዓለም ላይ ስደተኛ የሚያርፍበት አንድ ክንድ መሬት አይገኝም ነበር። ግልገሉም በበኩሉ በፈቃዱ አልመጣም። ከእናቱ ተለይቶ፣ ከማያውቃት፣ በአካል ከምትበልጠው እንስሳ ፊት የተጣለ ነው። እንግዲህ ሁለቱም እውነተኛ አቤቱታ አላቸው፤ አንዳቸው ሌላውን አልበደሉም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰቱ የሚለየው አንድ ነገር እዚህ ይረዳናል። በእርሱ አስተያየት ባዕድ ሰው በደረሰበት አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው፤ የቤት አባል ሆኖ መኖር ግን የተለየ ስምምነት ይጠይቃል። ካንት የተናገረው ስለ ሰዎችና ስለ መንግሥታት ነው፤ ለእንስሳት በቀጥታ ግዴታ አለብን ብሎም አያምንም ነበር። ሆኖም ልዩነቱ ለጉዳያችን ይሠራል። ግልገሉን ከዝናብ ማውጣት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ዛሬውኑ መደረግ አለበት። ከነባሪቱ ጋር ማኖር ግን ሌላ ነገር ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች «እንግዳ ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን መኮትኮቻ ስጠው» ሲሉ ይህንኑ ያመለክታሉ። ከእንግድነት ወደ ነዋሪነት የሚያሻግር ድልድይ አለ፤ ድልድዩም የሚሠራው በጊዜ ነው።

ድመት በቃል ልትስማማ አትችልም። «እሺ» ማለት የምትችለው በአካሏ ነው፤ በመብላቷ፣ በመተኛቷ፣ ባለመሸሿ። ስለሆነም የእንስሳት ሐኪሞች አዲስ ግልገል ለሚያመጣ ሰው የሚመክሩት ዘዴ ከብልሃትነቱ ይልቅ ሥነ ምግባርነቱ ያመዝናል። ግልገሉ በመጀመሪያ በሐኪም ይታያል፤ ከነባሪቱ ጋር ሳይገናኝ በተለየ ክፍል ይቆያል፤ ተላላፊ በሽታ በእንግዳ ስም እንዳይገባ ክትባቱን ይከተባል። ቀጥሎ ሽታ ይላካል። ግልገሉ የተኛበት ጨርቅ ለነባሪቱ፣ የእርሷም ለእርሱ ይሰጣል። ከዚያ ሁለቱ በአንድ የተዘጋ በር ግራና ቀኝ ይበላሉ። ነባሪቱ ከበሩ አጠገብ ያለ ሥጋት መብላት ስትጀምር፣ በሩ በጣት ስፋት ይከፈታል፤ ይተያያሉ። ከዚያም በሰው ፊት ለጥቂት ደቂቃ ይገናኛሉ፤ ይለያያሉ፤ ደግመው ይገናኛሉ። ይህ ጥቂት ቀናት ወይም ብዙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቀኑን የሚቆርጠው የሰው ትዕግሥት ማለቅ ሳይሆን የድመቶቹ መረጋጋት ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በባህላችን እንግዳ በሩ ክፍት ቢሆንም ዘልቆ አይገባም። ከደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ መልስም ይጠብቃል። ያቺ የመጠበቅ አፍታ ለቤቱ ሰዎች ቤቱ የእነርሱ መሆኑን ታረጋግጣለች፤ ስለዚህም «ግቡ» ማለታቸው ስጦታ ይሆናል። ከበሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለት ሰሐኖችም ይህንኑ ይሠራሉ። ግልገሉ «ቤቶች!» እያለ ነው፤ ነባሪቱም መልሷን ታዘጋጃለች።

በዚህ መካከል ነባሪቱ ብትቆጣ መቅጣት አይገባም። ጥርሷን ገልጣ «ፍስስ» ማለቷ በአብዛኛው «ራቅ በል» የሚል ልመና ነው፤ ጥፍር ሳይወጣ ነገሩ እንዲያልቅ ታስጠነቅቃለች። ይህን ቋንቋ በቁጣ ያፈኑባት ድመት ሰላማዊ አትሆንም፤ የሚቀራት ጥፍሯ ብቻ ይሆናል። የሚገባው የጭቅጭቁን ሰበብ መቀነስ ነው። ለየብቻቸው የሚበሉበት ሰሐን፣ የሚወጡበት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ የሚሸሸጉበት ጥግ ያስፈልጋል፤ የመጸዳጃው የአሸዋ ሣጥንም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ እንዲበልጥ ይመከራል። በጠባብ ቤት ይህ ሁሉ ቦታ የሚወሰደው ከሰውየው ነው። ትክክሉም ይህ ነው፤ ለጋሱ እርሱ ከሆነ ወጪውም ወደ እርሱ መምጣት አለበት።

ፍጻሜው ሁልጊዜ ወዳጅነት አይሆንም። አንዳንዶች ከወራት በኋላ በአንድ ትራስ ላይ ተቃቅፈው ይተኛሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ተራርቀው በመከባበር ይኖራሉ። ይህ ሁለተኛው ሽንፈት አይደለም። ፍትሕ ፍቅርን አያዝዝም፤ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ሳይፈራ እንዲበላ፣ እንዲተኛና እንዲጸዳዳ ብቻ ነው። ይህም የማይገኝበት ጊዜ አለ። አንደኛዋ ዘወትር እየተሳደደች፣ ከተደበቀችበት ሳትወጣ የምትኖር ከሆነ፣ ለግልገሉ ሌላ ደግ ቤት መፈለግ ርኅራኄን መካድ አይደለም። ግልገሉን ከዝናብ ያዳነ ሰው የገባው ቃል «ትኖራለህ» የሚል ነው፤ «ከእኔ ጋር ብቻ ትኖራለህ» የሚል አይደለም። «ብቻዋን ስለሆነች ጓደኛ ያስፈልጋታል» ብሎ ሁለተኛ ድመት የሚያመጣም ሰው፣ ብቸኝነቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ ይበጃል።

አንባቢ «ስለ ድመት ይህን ያህል?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነው። አባወራው አሥር ሰው ለምሳ ይጋብዛል፤ ከምድጃው ፊት ጢስ እየጠጣች የምትቆመው ሌላ ናት። የዘመድ ልጅ ለትምህርት ከገጠር ይመጣል፤ አልጋዋን የምታጋራው የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ፊቷ ቢጠቁር «ስስታም» ትባላለች። ታናሽ ሲወለድ ከእናቱ ጭን የሚወርደው የሦስት ዓመት ሕፃን «አትቅና» ይባላል። በእነዚህ ሁሉ እንግዳው መምጣቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ከሌላው ድርሻ የሰጡትን ከራስ እንደሰጡ መቁጠር፣ የከፈለውንም ወገን በመክፈሉ ስላዘነ መውቀስ ላይ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ይመስለናል። እንግዳ ተቀባዩ በሩን የከፈተው ብቻ አይደለም፤ ቦታ የለቀቀውም ነው። በሩን የከፈተው ሰው ሁለት ዕዳ አለበት፤ ለመጣው መጠለያ፣ ለነበረው ደግሞ ጊዜና ካሣ። የመጀመሪያውን ከፍሎ ሁለተኛውን የተወ ሰው ሥራው ገና በግማሽ ላይ ነው። ግልገል ድመት ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ከደጁ ጥቂት ቆም ብሎ፣ ከእርሱ በፊት በቤቱ ያለውን ማሰብ ይገባዋል። ይህን ያሰበ ሰው ግልገሉን በጋቢው እንደያዘ ወደ ተለየው ክፍል ይወስደውና፣ ተመልሶ ከነባሪቱ አጠገብ ይቀመጣል።