መብትና ወፍጮ

የአንድ ኅብረተሰብ ሴቶች ነጻ ነበሩ ለማለት የሚያበቃው መመዘኛ ምንድን ነው? የሕጉ ቃል ነው ወይስ የዕለት ኑሮው?

በጥንታዊት ግብፅ፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉ ሠራተኞች በሰፈሩባት በዴይር ኤል መዲና መንደር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1145 ገደማ ናውናኽቴ የተባለች እናት ከዳኞች ሸንጎ ፊት ቀረበች። 8 ልጆች አሳድጋለች። በእርጅናዋ የጦሯትን ከግል ሀብቷ ስታወርስ፣ ያልጦሯትን ነቀለች፤ የአባታቸውን ድርሻ ግን አልነካችም። ኑዛዜዋም በፓፒረስ ተጽፎ ጸና። በዚያ ሥርዓት ሴት ንብረት በስሟ ትይዛለች፣ ትሸጣለች፣ ትከሳለች፤ በፍቺም ጊዜ ድርሻዋን ትጠይቃለች።

ይሁን እንጂ ቃሏን የሰሙት ዳኞችም ሆኑ የከተበው ጸሐፊ ወንዶች ነበሩ። በዚያችው መንደር መንግሥት የመደባቸው ሴት ባሮች እህል ይፈጩ ነበር፤ የሥራ ቀናቸውም ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ እንደ ዕቃ ይሸጥ፣ ይወረስም ነበር። አንዲቱ ሴት ታወርሳለች፤ የሌላይቱ ጉልበት ይወረሳል።

የናውናኽቴ መብት እውነተኛ ነበር፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን የሴቶች ነጻነት የሚለካው ከሸንጎ ፊት ቀጥ ብላ በቆመችው ብቻ ሳይሆን፣ ከወፍጮው ላይ ባጎነበሰችውም ጭምር ነው።