የተቆረጠ ድምፅና የክፋት ባሕርይ

ክፋት ራሱን የቻለ ባሕርይና ህልውና ያለው ነገር ነውን፣ ወይስ የበጎው ነገር መጉደል ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ብርሃንንና ጨለማን ሁለት ተፃራሪ መንግሥታት አድርጎ ካስተማረው ከማኒ ዘመን ጀምሮ የሰውን ኅሊና ሳያሳርፍ የኖረ ሲሆን፣ ቅዱስ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት መገኛ አለመሆኑን በገለጸበት ድርሳኑ፣ አውግስጢኖስም በወጣትነቱ ከተከተለው ከማኒ ትምህርት ከተመለሰ በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት፣ ክፋት ከፈጣሪ እጅ የወጣ ፍጡር ሳይሆን በፍጡር ላይ የደረሰ ሕጸጽ ነው ብለው ወስነውበታል፤ ከእነርሱም ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተነሣው ኢብን ሲና፣ በሃይማኖት የተለየ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ ቃል ተስማምቶ ተገኝቷል። ዕውርነት የማየት መጥፋት እንጂ በዓይን ላይ የተጨመረ ሌላ አካል እንዳይደለ ሁሉ፣ ክፋትም እንዲሁ ነው ይላሉ።

ፍርዱ ለፈጣሪ ክብር የሚገባ፣ አእምሮም የሚቀበለው ነው። ሆኖም ግፍ የደረሰበትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ «ያቃጠለህ ነገር ባሕርይ የለውም» ብሎ መንገር ፌዝ ይመስላል፤ የሌለ ነገር እንዴት ያቃጥላል? ጉድለት ብቻ የሆነው ከሙሉው ይልቅ የሚያይልበት ምክንያት ከወዴት ነው? እኔ ለዚህ ክርክር የሚጠቅም ምስክር ያገኘሁት ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን በሐረር፣ በሸዋ በር፣ በቆመ መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከምትገኝ፣ በካቻቪቴ ጫፍ ከምትዞር አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነው። አንባቢ ይህን ከፍ ያለ ጥያቄ ከዚህ ከተናቀ ዕቃ ጋር ሳዛምደው ቢስቅ አልቀየመውም።

ሸዋ በር፣ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ የሚሉት፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ካጠሩት ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ሲሆን፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ገበያ ከማለዳ እስከ ምሽት የሰውና የዕቃ ወንዝ የሚፈስበት ስፍራ ነው። ይህች ከተማ ደግሞ ለድምፅ እንግዳ አይደለችም። ከ82ቱ መስጊዶች የሚነሣው አዛን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማይቱን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ በፈረስ መጋላ የተሠራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደወል፣ በአውሊያዎቹ መቃብር ደጅ ሌሊቱን በከራቡ ከበሮ የሚዘመረው ዚክሪ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚያወርደው ጠባብ መንገድ፣ መኪና ግርግር በተባለው፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪናዎች የሚያሰሙት ጉርምርምታ፣ በሌሊትም በግንቡ ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባው የጅብ ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ ለብዙ ዘመን አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ተቻችለው ኖረዋል። የቻሉትም እያንዳንዳቸው በሰው እስትንፋስ ወይም በሰው ክንድ የተወሰኑ ስለ ነበሩ ነው፤ ከበሮ መቺ ይደክማል፣ አዛን የሚያሰማም ትንፋሹ ያልቃል።

በእነዚያ በዕድሜ ብዛት ቀለማቸው በለቀቀ፣ ሐረርን በሩቅ አገር ሰው ዘንድ ሳይቀር ባስታወቋት የፔጆ 404 ታክሲዎች ዘመን፣ የመኪና ሙዚቃ ማለት ከአንዲት ትንሽ ቴፕ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ነበር። ዛሬ ግን ባጃጁም ሚኒባሱም የቤት መኪናውም ከኋላው አምፕሊፋየርና ሳብዉፈር ጭኖ፣ ሙዚቃው ሳይሰማ ንዝረቱ ቀድሞ የሚደርስ ሆኗል። ቁልፊቱም ጌይን የምትባለው በአምፕሊፋየሩ ጐን ያለችው ናት፤ ሥራዋን በትክክል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሾፌሩ ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «አቦ፣ ትንሽ ጨምርበት!» ሲለው፣ ጌይን የድምፅ መጨመሪያ መስላው ነው። እርሷ ግን መጨመሪያ አይደለችም፤ ከቴፑ የሚመጣው ምልክት 2 ቮልትም ይሁን 4 ቮልት፣ ያን ምልክት አምፕሊፋየሩ ሙሉ ኃይሉን ከሚሰጥበት ልክ ጋር የምታስማማ የመቀበያ መጠን ናት። ስለዚህም ሰጪው ደካማ ሲሆን ትከፈታለች፣ ሰጪው ብርቱ ሲሆን ትዘጋለች፤ ለአምፕሊፋየሩ ግን ከተፈጠረለት በላይ ቅንጣት ታህል ኃይል አትጨምርለትም። ኃይሉ ሁሉ ከባትሪው ነውና፤ አምፕሊፋየሩ 12 ቮልቱን፣ ሞተር ሲነሣ ወደ 14 የሚጠጋውን፣ በውስጡ ከፍ አድርጎ አንድ ጣሪያ ያበጅለታል፣ ከዚያ ጣሪያ በላይ ሞገዱ ሊወጣ አይችልም።

ልኩን የሚያውቅ ሠራተኛ እንዲህ ያደርጋል። የሳብዉፈሩን ገመድ ይነቅላል፤ የባስ ማጠናከሪያውንና ሌላውን ማስዋቢያ ሁሉ ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ይዘጋል፤ በሙሉ ልክ የተቀዳ የ50 ኸርዝ ጥሩ ሞገድ በቴፑ አስገብቶ፣ የቴፑን ድምፅ ከአራት እጅ ሦስቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም ቴስተሩን ለተለዋዋጭ ቮልት አዘጋጅቶ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ያሳርፋል። አምፕሊፋየሩ በ4 ኦም 300 ዋት የሚሰጥ ከሆነ፣ 300ን በ4 ሲያበዙት 1200 ነው፣ የ1200 ስኩዌር ሩት ደግሞ 34.6 ነው፤ እንግዲህ ጌይኑን ቀስ እያለ ከፍቶ ቴስተሩ 34.6 ቮልት ሲያነብ እጁን ያነሣል። ዋቱም በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር የተጻፈው ሳይሆን፣ አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ ሊሰጠው የሚችለው መሆን አለበት፤ የካርቶን ቁጥር ለገዢ ማማለያ የተጻፈ ነውና። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገውም ቴስተር የሚለካው የሞገዱን ብርታት እንጂ መልኩን ባለመሆኑ ነው፤ ሞገዱ ጣሪያውን ነክቶ መልኩን ካጣ በኋላም ቁጥሩ መጨመሩን አያቆምም። መልኩን ለማየት ኦስሎስኮፕ ይፈልጋል፣ እርሱ ደግሞ በገበያ ዳር ሱቅ አይገኝም።

ሾፌሩ እንዳዘዘው «ትንሽ» ሲጨመርለት ምን ይሆናል? ሞገዱ ወደ ላይ ሲወጣ ጣሪያውን ይነካል፣ ሊያልፈው ስለማይችል ጫፉ ይቆረጣል፤ ክብ የነበረው ራስ ጠፍጣፋ ይሆናል። ዘፋኙ ከፍ ባለበትና እጅግ ከፍ ባለበት መካከል የነበረው ልዩነት ይጠፋል፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይስተካከላል። ሰሚው ብዙ የተጨመረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የተደረገው ነገር መቀነስ ነው። ባስልዮስና ኢብን ሲና በዚህ ስፍራ ቢቆሙ ኖሮ ነገራቸው እንደ ጸና ባዩ ነበር፤ ከልክ ያለፈው ፈቃድ አንዳች አዲስ ነገር አልፈጠረም፣ ያለውን መልክ ቆረጠ እንጂ።

ተቃዋሚው ግን ዝም አይልም፤ ዝም ሊልም አይገባውም። ጫፉ በተቆረጠው ሞገድ ውስጥ ቀድሞ ያልነበሩ ድምፆች ይሰማሉ፤ ከ50 ኸርዙ ጋር 150፣ 250፣ እንዲህ እያለ የሚሄድ ልጅ ሞገድ ይወለዳል፣ ጆሮን የሚፍቀውም እርሱ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ቁመቱ እኩል ሆኖ ጠፍጣፋ የሆነ ሞገድ ክብ ከሆነው ሞገድ እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይዞ ወደ ሳብዉፈሩ ይገባል፤ 300 ዋት ሊሸከም የተሠራው ኮይል ወደ 600 የሚጠጋ ሲጫንበት ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ሽታው ከመኪናው ውስጥ ይሰማል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። እንግዲህ ጉድለት ብቻ ነው ያላችሁት ነገር እነሆ ወለደ፣ እነሆ አቃጠለ፤ ይህ እንዴት ባሕርይ የለውም ይባላል?

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አበው ስለ ክፋት መገኛ የተናገሩት እውነት ነው፤ እነዚያን አዳዲስ ሞገዶች የላካቸው ማንም የለም፣ ዘፋኙ አልዘፈናቸውም፣ በመዝገቡ ውስጥ የሉም፣ ጌይኑ ሲመለስ ደግሞ ወዲያው ይጠፋሉ፤ የራሳቸው ምንጭ ያላቸው ቢሆኑ ኖሮ የቁልፊቱ መመለስ ባላጠፋቸው ነበር። ነገር ግን የአበውን ቃል ይዞ ክፋት ደካማ ነው ወደሚል መጽናኛ የሚሻገር ሰው ይስታል፤ መልክ የጠፋው ኃይል ከጠፋው መልኩ ጋር አብሮ አይጠፋምና። የበጎው ነገር ጉልበት፣ ያው ከባትሪው የመጣው፣ ክብነቱን አጥቶ ግን ብርታቱን ይዞ ይቀራል፣ እንዲያውም ይባስ ይላል፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ከበጎው የተሰረቀ ጉልበት ነው። ግፈኛ ዳኛ የሚጐዳው በሐሰት ሥልጣን አይደለም፣ ለፍትሕ በተሰጠው በእውነተኛው ሥልጣን ነው። ስለዚህ ለተበዳይ «ያቃጠለህ ምንም ነው» አይባልም፤ ያቃጠለህ መልኩን ያጣ በጎ ነገር ነው ይባል።

ከጀጎል ግንብ አጠገብ ይህን ማሰብ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፣ እርሱም የባልንጀራ ጥያቄ ነው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ ይመለሳል ወይም ይሞታል፤ 40 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ ግን የአንድ ሞገዱ ርዝመት ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ቤቱንም አጥሩንም ነዝሮ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ግጥሙንም ዜማውንም ባሱንም ሲሰማ፣ ከግድግዳው ማዶ የተኛው ሕመምተኛ የሚደርሰው ጉልበቱ ብቻ ነው፤ የዘፈኑ መልክ ከደጅ ይቀራል። የሙዚቃ አፍቃሪዎች ብዙ ጊዜ «ጥሩ ዘፈን ነው የከፈትኩት» እያሉ ይከራከራሉ፤ ጎረቤቱ ግን ዘፈኑን ከቶ አልሰማውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከጉርብትና ልማድ ያለፈ ጢስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እያደረሰ ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ከድምፅ ለይቶ ንዝረትን መጥራቱ ያስመሰግነዋል። ከእርሱ ወዲህ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ተከትሎ የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ወስኗል፤ ነገር ግን ለሰው ጆሮ ስሜት የተመዘነው ይህ መለኪያ 50 ኸርዝ የሆነውን ድምፅ 30 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ስለሚቆጥር፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ባስ በመለኪያው ላይ እንደ ተራ ወሬ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ የመጨረሻው መለኪያ ቁልፊቱን የሚያዞረው ሰው ኅሊና ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ኅሊና ካልን ዘንድ በሾፌሮች ላይ ብቻ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በየደብሩና በየመስጊዱ የሚሰቀለው ሞንታርቦም ያው አምፕሊፋየር፣ ያው ጣሪያ፣ ያው ጌይን ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሆኖ፣ በድፋትና በቅናት፣ በሂደትና በርክርክ ምልክት የተቀመረ፣ ከፍታና ዝቅታው ሁሉ ትርጓሜ ያለው ነው፤ መሪጌታው ድምፁን ቀስ አድርጎ ከፍ ያደረገበትን ስፍራ ሞንታርቦው በአንድ ጣሪያ ሲቆርጠው፣ ምእመኑ ጩኸቱን ተቀብሎ ቀመሩን ያጣል። ኤልያስ በኮሬብ ፈጣሪውን ያገኘው ከነፋሱም ከመናወጡም ከእሳቱም በኋላ በመጣው በዝግታው ድምፅ መሆኑን ካህናቱ ያስተምራሉ፤ ሉቅማን ልጁን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ መምከሩንም ሼኾቹ ያስተምራሉ። ሁለቱም ትምህርቶች የሚሰበኩት ጫፉ በተቆረጠ ሞገድ መሆኑ ያሳዝናል።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለመስጊድ ኮሚቴዎች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። የሚመጣው በዓል ከመድረሱ በፊት ሞንታርቦውን በልኩ አስተካክሉት፤ ቴስተርና ካቻቪቴ የያዘ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሸዋ በር አይጠፋም፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።