የግሪክን ቋንቋ ለመማር የሚሄድ ሰው ስንቁ ምንድር ነው?

የግሪክን ቋንቋና ሥልጣኔ ለመማር ወደ አቴና የሚጓዝ ወጣት ከመነሣቱ በፊት ምን ማሰናዳት ይገባዋል? ተብሎ ቢጠየቅ የብዙ ሰው መልስ የታወቀ ነው። ፊደሉን ያጥና፥ የሰዋስው መጽሐፍ ይግዛ፥ ሆሜርንና አፍላጦንን በትርጉም እንኳ ቢሆን ያንብብ፥ ወፍራም ልብስም አይርሳ ይሉታል። ምክሩ ሁሉ መልካም ነው፤ ለደገኛ ሰው ግን ከአቴና ብርድ ይልቅ የሐምሌው ሙቀት እንደሚያስቸግረው በዚህ አጋጣሚ ብናስታውስ አይከፋም። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ የሚዘነጋ አንድ የሕሊና ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ የሞቱትን የግሪክ ሊቃውንት እያከበሩ በሕይወት ያለውን ግሪካዊ መናቅ ይገባልን? የሚለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ስፍራ ነው። ኤራስሙስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ1528 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጥንቱ የግሪክ ድምፅ በእርሱ ዘመን ከነበሩት ግሪኮች አነጋገር የተለየ እንደ ነበረ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የምዕራብ አውሮፓ ትምህርት ቤቶች ጥንታዊው ግሪክ የሚነበበው በእርሱ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ቤትን «ኦይኮስ» ይላል፤ አቴና ሲደርስ ግን ያንኑ ቃል «ኢኮስ» ሲሉት ይሰማል። ያን ጊዜ፥ ባለቤቶቹ የገዛ ቋንቋቸውን አበላሹት ብሎ በልቡ ይፈርድባቸዋል። በምርመራ ረገድ ኤራስሙስ በብዙው እውነት አለው፤ የተማሪው ፍርድ ግን ትክክል አይደለም። እኛስ ብንሆን በሠና በሰ፥ በዐና በአ መካከል የነበረውን የድምፅ ልዩነት ከአፋችን አጥተን በጽሕፈት ብቻ ይዘነው የለምን? በዚህ ምክንያት የአባቶቻችሁ ልጆች አይደላችሁም የሚለን ሰው ቢመጣ ምን እንመልስለት ነበር?

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ጠረጴዛ የምንለው ቃል ከግሪኩ «ትራፔዛ» የመጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በአቴና መንገድ በትልቅ ሕንፃ ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሕፈት ቢያይ የቤት ዕቃ መሸጫ ይመስለው ይሆናል፤ ሕንፃው ግን ባንክ ነው። በጥንት ዘመን ገንዘብ ለዋጮች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ይቀመጡ ስለ ነበር የጠረጴዛው ስም ለሥራው ተሰጠ፤ የምግቡ ጠረጴዛ ዛሬ «ትራፔዚ» ይባላል። ቃሉ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በገበያ ሲሠራ የኖረ እንጂ በመጽሐፍ ውስጥ ደርቆ የተቀመጠ አይደለም።

ግሪኮች ራሳቸው ከአባቶቻቸው ቋንቋ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ብዙ ተከራክረዋል። ለመንግሥት ጽሕፈትና ለትምህርት ወደ ጥንቱ የተጠጋ «ካታሬቩሳ» የተባለ ቋንቋ ሲኖራቸው፥ ሕዝቡ በየቤቱ የሚናገረው ሌላ ነበር። በ1901 ወንጌል ወደ ሕዝቡ አነጋገር ተመልሶ በጋዜጣ ቢወጣ በአቴና ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። የሕዝቡ ቋንቋ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1976 ነው። ይህን ሳያውቅ ስለ ቋንቋቸው መበላሸት የሚናገር እንግዳ፥ የቆየ የቤተ ሰብ ክርክር ካለበት ቤት ገብቶ ነገሩን ሳይጠይቅ ዳኛ ልሁን እንደሚል ሰው ነው።

ኢትዮጵያዊ ወደ ግሪክ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። በአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ላይ የግሪክ ጽሕፈት አለ፤ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት የድል ታሪኩን በግዕዝና በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል፤ የግዕዝ አኃዞችም መልካቸውን ያገኙት ከግሪክ ፊደላት ነው። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን የሙታን ዝምድና ነው። ብራናችንን ፍለጋ መጥተው፥ ብራናውን ጠብቆ ያቆየውን መሪጌታ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ የሚመለሱ እንግዶች እንዳሉ እናውቃለን። ያ ንቀት እንዴት እንደሚያም የቀመስን ሰዎች በሌላው አገር ሄደን ብንደግመው ማመኻኛ የለንም።

የሕያዋን ዝምድና ከተፈለገም ሩቅ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የፋሺስት ጦር ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. በግሪክ ላይ ተነሣ፤ ግሪኮችም እስከ አልባኒያ ተራሮች ድረስ መልሰው ገፉት። በኋላ የጀርመን ጦር መጥቶ አቴና የገባው ሚያዝያ 19 ቀን ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በድል አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ወር በ27 ነው። በስምንት ቀን ልዩነት የአንዱ ዋና ከተማ በጠላት እጅ ሲወድቅ የሌላው ነጻ ወጣ። ቀጥሎ በመጣው የብርድ ወራት አቴና ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀባት።

እንግዲህ ተጓዡ በሻንጣው ውስጥ ከሆሜር አጠገብ በ1963 የኖቤልን ሽልማት ያገኘውን የጊዮርጎስ ሴፌሪስን፥ በ1979 ያገኘውንም የኦዲሴያስ ኤሊቲስን ግጥሞች ቢጨምር ሸክሙ አይከብድበትም። ከዚያ ሲደርስም የኦክቶበርን 28ኛ ቀን ይጠብቅ። ግሪኮች ለፋሺስቶች እንቢ ያሉበትን ያን ቀን «ኦኺ» ብለው በየዓመቱ ያከብሩታል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ባንዲራ ይዘው ይሰለፋሉ። በመንገድ ዳር ቆሞ ሲያያቸው፥ አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ከየት አገር መጣህ? ብሎ ቢጠይቀው፥ ስለ ሶቅራጥስ ሳይሆን ስለዚያ ዓመት የሚያወጋው ነገር ይኖረዋል።